የሺአረግ ፊደል አላውቅም ያለች ዕለት

የሺአረግ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ በቀኝ እጇ ጠጠሩን ትነቅሳለች፣ በግራዋ የጠራውን ወደ ዳር ትገፋለች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የኖረች ሴት ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ጣቶቿ ጠጠሩን ከምስሩ ለይተው ያውቁታል። ስለዚህ ዓይኗ ሥራ ፈትቶ ግቢውን ይዞራል። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ነጭ ሸሚዝ የምታጥበውን የልጅ ልጇን ሥርጉትን ያያል፤ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው መደብ ይመለሳል።

መደቡ ላይ አንድ መጽሐፍ ተቀምጦ ነበር። ከመጽሐፉ ውስጥ የአንድ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ረፋዱ ላይ እንደ ልማዱ ከጣና በኩል ነፋስ ተነሳ፤ መጽሐፉን ገለጠውና ወረቀቱን እያንከባለለ አምጥቶ ሰፌዷ ላይ ጣለላት።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ የነነዌ ጾም ሦስተኛው ቀን።

የሺአረግ ወረቀቱን አነሳች። ልታስቀምጠው ነበር ያነሳችው፤ ይህንን እግዜርም ያውቃል። ግን ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፎበታል፣ ጽሕፈቱም እንደ ልጃገረድ ሹሩባ ጥርት ያለ ነው። የሺአረግ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። የሳሙናውን መጠቅለያ ታነባለች፤ የባጃጁን ጀርባ ታነባለች፤ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ማስታወቂያ ተለጥፎ ስታይ ቆማ እስከ ቀብሩ ሰዓት ድረስ አንብባ፣ ለማታውቀው ሰው “ነፍስ ይማር” ብላ ታልፋለች። ሰው ሁሉ ይህን አመሏን ያውቃል፤ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

አመሉ እንዲያው አልመጣም። የሺአረግ ደቅ ደሴት ተወልዳ ደቅ ያገባች ሴት ናት። ባሏ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደጃቸው ላይ ተማሪ የማይጠፋ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። እሷ ለተማሪዎቹ እየፈጨች፣ ውኃ እየቀዳች፣ መዝሙረ ዳዊቱን በጆሮዋ ብቻ እኩሌታውን ያዘችው። አንድ ቀን “ለእኔስ ቢያሳዩኝ?” ብላ ጠየቀች። መሪጌታ ክፉ ሰው አልነበሩም። “ለምን ይሆንሻል? እኔ አለሁልሽ አይደለም ወይ?” አሏትና ሳቁ። እሳቸው ሲሞቱ ዳዊታቸውን አውጥታ ገለጠችው። ጥቁር ጉንዳን የተበተነበት ብራና ሆነባት። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ባሏ የሞተባት መሰላት።

ሥርጉትን ይዛ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ እንድትማር ነው። ፔዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ፣ ሦስት ክፍል ለተማሪ እያከራዩ መኖር ጀመሩ። የሥርጉት እናትና አባት ደሴቲቱ ላይ ያርሳሉ፤ በበዓል በጀልባ ይመጣሉ። ፊደል ያስቆጠረቻት ሥርጉት ናት። ሥርጉት ዐሥራ አራት፣ የሺአረግ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። “እናና፣ ይቺን ምን አልንሽ ትናንት?” ትላታለች እንደ መምህር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። የሺአረግ ይጠፋባታል፤ ሥርጉት በጣቷ ጆሮዋን ቆንጠጥ ታደርጋታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ሙሉ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው የመብራት ምሰሶ ላይ የተጻፈውን “አደገኛ” የሚለውን ነው። ደስ ብሏት ምሰሶውን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ትምህርቱ ስለዘገየ ግን አንድ ነገር ቀረባት፤ በልቧ ማንበብ አትችልም። ድምፅ አውጥታ ካላነበበችው ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይቀራል፣ ቃል አይሆንላትም።

ስለዚህ በዚያ ረቡዕ ረፋድ፣ ምስሩ ጭኗ ላይ እንዳለ፣ የእንግዳዋን ወረቀት ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች።

እንግዶቹ ሁለት ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ ኪዲና ምሥጋና። ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለሕግ ተማሪዎች የክርክር ውድድር መጥተው፣ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ስለሞላ አዘጋጆቹ በየሰው ቤት ሲያሳድሩ የሺአረግ ባዶ የነበረችውን ክፍል ሰጠቻቸው። ሥርጉትም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለችና ተወዳዳሪ ናት፤ አጋሯ ብሩክ የሚባል የክፍሏ ልጅ ነው። ውድድሩ በአገሮች መካከል በሚነሳ ክርክር ላይ ነው። የሌሉ ሁለት አገሮች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ይጣላሉ፤ ተማሪዎቹ ለአንዷ አገር ወይም ለሌላዋ ቆመው በዓለም ፍርድ ቤት እንዳሉ ሆነው በእንግሊዝኛ ይሟገታሉ። አንደኛ የወጣው ቡድን ውጭ አገር ሄዶ ከዓለም ተማሪዎች ጋር ይከራከራል።

“አገሮቹ ከሌሉ ምን ያጣላችኋል?” ብላ ነበር የሺአረግ።

“ላለው እንድንለማመድ ነዋ እናና።”

“ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩትንስ ማን ጠየቃቸው?”

“እሱን ዳኞቹም አልጠየቁን” አለችና ሥርጉት ሳቀች። የሺአረግ ግን አልሳቀችም፤ የደሴት ልጅ ናታ።

ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ቡድን ወደቀ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ቀሩ፤ የሥርጉትና የኪዲ። ዕጣም ወጣ፤ ኪዲ ደሴቲቱን ለራሷ ለምትለው አገር፣ ሥርጉት ለባላጋራዋ እንዲከራከሩ። ሁለቱ ተሟጋቾች አንድ ግቢ ያድራሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ምሥጋና ቀልደኛ ናት፣ “ውል እንግባ” አለች። “እዚህ ግቢ ውስጥ የክርክሩን ነገር ያነሳ ሰው የሁላችንንም ሳህን ያጥባል። እማማ ዳኛ ናቸው።” ተስማሙ፤ ሳቁ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ እንግዶች ሐይቁ ዳር ሄደው ሊለማመዱ ወጡ። “ለጉማሬው ልንከራከር ነው” አለች ምሥጋና። ኪዲ ወረቀቷን የረሳችው ያኔ ነው።

“የ—እኛ አገር” አነበበች የሺአረግ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ “ደሴቲቱ ላይ… የጀልባ መብራት… ለመትከል… ያችኛዋን አገር… ፈቃድ ጠይቃለች። በገዛ ቤቱ መብራት ለመስቀል… ጎረቤቱን… የሚያስፈቅድ የለም።”

“እውነቷን ነው” አለች የሺአረግ ለራሷ። ነገሩ ገባት፤ ስለገባትም ኮራች። ቀጠለች።

“አንቀጽ… ዐሥራ ሰባትን… ካነሱብን… መልስ የለንም። አምላኬ ሆይ… ባያነሱብን።”

ቧንቧው ሥር ውኃው መፍሰሱን ቀጥሏል፤ የሥርጉት እጅ ግን አረፋው ውስጥ ቆሟል።

“እናና” አለች ሳትዞር። “አንቀጽ ስንት ነው ያልሽው?”

የሺአረግ በሕይወቷ ሙሉ “አንብቢልኝ” ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰዎች ስታነብ ይሰሟታል፣ ያሾፋሉ፣ “ጎበዝ!” ይሏታል። የምታነበውን ነገር ፈልጎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ የጠየቃት ግን የለም። ሥርጉት ስትጠይቃት ልቧ ሞቀ።

“ዐሥራ ሰባት” አለች ጮክ ብላ። “ልድገምልሽ?”

“ድገሚልኝ።”

ደገመችላት። በዚህኛው ጊዜ ሳትሰናከል፣ ከላይ እስከ ታች። “አምላኬ ሆይ፣ ባያነሱብን” የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ራሱ አነቃት። ይህ የትምህርት ጽሕፈት አይደለም፤ የሰው ጸሎት ነው። ልጅቱ ለዳኞቹ በእንግሊዝኛ ትከራከራለች፤ ፍርሃቷን ግን በእናቷ ቋንቋ ለእግዜር ነው የጻፈችው። የሺአረግ ሰው ልብሱን ሲያወልቅ በር ከፍታ የገባች ያህል ደነገጠች። ወረቀቱን አጥፋ መጽሐፉ ውስጥ መለሰችው፤ ድንጋይም ጫነችበት።

ቀና ስትል ሥርጉት ሸሚዙን ሳትጨምቅ ገመዱ ላይ ጥላው ወደ ክፍሏ እየገባች ነው። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማ ነበር።

የሺአረግ ተመልሳ ምስሯን ለቀመች። ጠጠሩ ግን አለቀ ብላ ስትተው፣ ከሰዓት በኋላ የጾሙ ወጥ ሲበላ፣ በምሥጋና ጥርስ ሥር “ቋ” አለ። “እማማ፣ የአገር ድንበር ምልክት ድንጋይ አብረው ቀቀሉ እንዴ?” አለች ምሥጋና፤ ሁሉም ሳቀ። ከሥርጉት በቀር።

ምግቡ ሲያልቅ ኪዲ ወረቀቷን አስታወሰች። ወጣ ብላ ስትመለስ ፊቷ ትንሽ ተለውጧል።

“እማማ፣ መጽሐፌ ላይ ድንጋይ የጫኑት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ ልጄ። ነፋሱ ወረቀትሽን ሊወስደው ሆነና መልሼ ጫንሁበት።”

“እግዜር ይስጥልኝ።” ኪዲ ግን አልሄደችም። ማፈሯ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ትልቅ ሰው መጠየቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች። “እማማ… ይቅርታ ያድርጉልኝና… ማንበብ ይችላሉ?”

ሥርጉት ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሺአረግ ቀና ብላ አየቻት። የልጅቱ ዓይን የሚለው ግልጽ ነው። አነበብሁ ካለች፣ የሚቀጥለው ጥያቄ “ማን ሰማ?” ነው።

ሰባት ዓመት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለወተት ሻጩ ሳይቀር “እኔ እኮ ፊደል ቆጥሬያለሁ” ስትል የኖረች ሴት፣ በዚያች ቅጽበት አንገቷን ደፋች።

“አይ ልጄ” አለች። “እኔ የት አውቄ! የደሴት ሴት ፊደል ከየት ታገኛለች?”

ኪዲ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀለል ሲላት ደግሞ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። “እማማ፣ አያቴ እርስዎን ነበር የምትመስለው። ‘አስተምሪኝ’ ስትለኝ ‘ፈተና አለብኝ፣ ነገ’ እያልኩ፣ ነገ ሳይመጣ ሞተችብኝ። እስቲ ዛሬ ትንሽ ላሳይዎት።”

“ኧረ ተይ ልጄ፤ ነገ ትልቅ ቀን አለሽ፣ ዕረፍት አድርጊ።”

“ሠላሳ ደቂቃ ብቻ! ለእኔም ጭንቀቱን ያስረሳኛል።”

እምቢ ማለት አቃታት። ኪዲ ከደብተሯ ገጽ ቀደደች፤ በዚያው እንደ ሹሩባ በጠራ ጽሕፈቷ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ በትልቁ ጻፈች፤ እስክሪብቶውን የሺአረግ ጣቶች መካከል አስገብታ፣ በራሷ እጅ ሸፍና አብራ መራችው። የሚያውቁትን አላውቅም ብሎ መሳት እንዴት ያለ ሥራ ነው! የሺአረግ “ለ”ን አጣማ ጻፈች። “መ”ን ገልብጣ ጻፈች። “ጎበዝ! ለመጀመሪያ ቀን ግሩም ነው!” ትላለች ኪዲ። የሺአረግ ላብ ላብ አላት።

ሥርጉት ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። እነዚህን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ ጆሮ እየቆነጠጠች ያስተማረቻት እሷ አይደለችም ወይ? እንዴት ቁጭ ብላ ትመልከት?

ሐሙስ ጠዋት የሺአረግ ነጠላዋን አጣፍታ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው አዳራሽ ሄደች። ባትሄድ በወደደች፤ ግን ሁለቱም ወገን “ይምጡልን” ብለዋታል። ሦስት ዳኞች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ተከራካሪዎቹ ስማቸው አይጠራም፣ በቁጥር ብቻ ነው። አንድ ተማሪ የቀረውን ደቂቃ የሚያሳይ ካርድ ከፍ ያደርጋል። ሥርጉት ነጩን ሸሚዝ ለብሳ ተነሳች። አንገቷ ላይ ያልተተኮሰ መስመር ነበር፤ የሺአረግ ያንን መስመር እስካሁን ታየዋለች።

እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊት ማንበብ ግን ከፊደል በፊት ታውቅ ነበር። ሥርጉት መጀመሪያ ድምፅዋ ሰለል ያለ ነበር። ቀጥሎ ለሁሉም ተወዳዳሪ የታደለችውን ትንሿን የጉዳዩን መጽሐፍ ከፍ አድርጋ ገለጠች፤ አንድ ቁጥር ጠራች። “ሰቨንቲን” የሚለውን የሺአረግ ከተከራይ ተማሪዎቿ ለምዳዋለች። ሥርጉት ያንን ቃል ስትል ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ አያቷ መጣና እንደተቃጠለ ጣት ቶሎ ተመለሰ።

መካከለኛዋ ዳኛ መነጽሯን አስተካክላ ማስታወሻ ያዘች። የኪዲ ተራ ደርሶ ስትነሳም ሌላ ነገር ሳታስጀምራት ያንኑ ጠየቀቻት።  የኪዲ እጅ ወረቀቶቿን ያገላብጣል፤ መልሱ እዚያ እንደሌለ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፣ ግን እጅ አንድ ነገር መሥራት አለበት። ካርድ ያዡ ካርዱን ከፍ አደረገ። ያኔ ኪዲ ቀና ብላ ተመልካቹን ቃኘች፤ ስትፈልግ ስትፈልግ የሺአረግን አገኘቻት፤ ፈገግ አለች። እንደ ጠላት አላየቻትም፤ እንደ አያቷ ነው ያየቻት፣ ጉልበት ፈልጋ።

የሺአረግ ራሷን ነቀነቀችላት፤ አይዞሽ ለማለት። ከዚያ ወዲያ የአዳራሹ ወለል ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ከምሳ በፊት ውጤት ተነገረ። የሥርጉትና የብሩክ ቡድን አንደኛ ወጣ። ብሩክ ዘሎ ወንበር ሊሰብር ነበር። ከየሺአረግ አጠገብ የነበረች ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ “እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ ናት፣ እልል ይበሉ እንጂ!” አለቻት። የሺአረግ ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች። 

ማታ ኪዲ መጥታ እሷን አጽናናቻት፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። “አይዘኑ እማማ፣ ሥርጉት ጎበዝ ናት። አንቀጽ ዐሥራ ሰባትን ማንም አያያትም ብዬ ነበር፣ አየቻት። ይገባታል።” አርብ በጠዋት አውቶብስ ስለነበራቸው የሺአረግ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ስንቅ ሰጠቻቸው። በሩ ላይ ኪዲ ጉልበቷን ስማ ያችን የፊደል ገጽ አስጨበጠቻት። “በቀን አንድ አንድ ጊዜ ይጻፏቸው። ስመለስ እፈትንዎታለሁ፣ ወዮልዎት!”

“ልጄ” አለች የሺአረግ። “ልጄ፣ አንድ ነገር…”

ሥርጉት ከኋላዋ ቆማ ነበር።

“…መንገዱን ተጠንቀቁ።”

ባጃጁ ሄደ። ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ፣ አንዳቸው ሌላቸውን ሳያዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በዚያ ግቢ ከባድ ነበር። ሥርጉት ለውጭ አገሩ ጉዞ መዘጋጀት ሲገባት መጽሐፍ ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ሰዓት ሙሉ ታፈጣለች። ብሩክ እየመጣ “ምን ነካሽ? ፓስፖርቱ ደረሰ እኮ!” ይላታል። የሺአረግ ደግሞ ማንበብ ተወች። የሳሙናው መጠቅለያ ዝም አለ፤ የባጃጁ ጀርባም ዝም አለ። ወተት ሻጩ “ምነው እማማ፣ ዓይንዎን ታመሙ?” ብሎ ጠየቃት።

አንድ ቀን ሥርጉት ፈነዳች። “ያነበብሽው አንቺ ነሽ! እኔ መቼ ጠየቅሁሽ?”

“አዎን፣ እኔ ነኝ” አለች የሺአረግ። “መጀመሪያውን ሳላውቅ። ሁለተኛውን ግን ‘ድገሚልኝ’ ብለሽኝ።”

ሥርጉት መደቡ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። “ደንቡ ላይ ተጽፏል እናና። የሌላውን ቡድን ዝግጅት ማየትም፣ መስማትም፣ ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈርሜበታለሁ።”

“የእኛ ቤት ደንብማ ከዚያ ይቀድማል” አለች የሺአረግ። “እንግዳ በጣሪያሽ ሥር ከተኛ፣ ሲያንኮራፋ የሰማሽውን እንኳ ውጭ አታወሪም። አያትሽ መሪጌታ ቢኖሩ በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?”

የነፍስ አባቷን አባ ኪዳነ ወልድን ሄዳ ነገረቻቸው። ሰሙና ቀኖና ሰጧት፤ ከዚያም አሉ፦ “ለእግዜር የበደልሽውን ለእኔ ነገርሽኝ፣ መልካም። ለልጅቱ የበደልሽውን ግን ለልጅቱ ነው የምትነግሪ። እኔ የእሷን ይቅርታ በኪሴ አልያዝሁም።”

የሺአረግ ይህንኑ ለሥርጉት ነገረቻት። ሥርጉት በማግሥቱ አዘጋጆቹ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። ያን ጊዜ ግን ከውድድሩ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ድሉ ተሰረዘ። በእነሱ ፈንታ የኪዲ ቡድን እንዲሄድ ቢታሰብም የስም መላኪያው ቀን አልፏል፤ ከሁለቱም ወገን የሄደ ሰው የለም። እውነት ያኔውኑ፣ በዚያች ሐሙስ፣ ቢነገር ኖሮ ኪዲ ትሄድ ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው መናገራቸው ያላቀለላቸው። ብሩክ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ሥርጉትን ሰላም አላላትም። የበደለው ነገር ሳይኖር ያጣ እሱ ነውና ማን ይፈርድበታል?

ሥርጉት ለኪዲም በስልክ ጻፈችላት፤ ረጅም ይቅርታ። ምንም ሳትሸፍን፣ ወረቀቱ ከመደቡ ላይ እንደተነበበና እንደሰማችው። የአያቷን ስም ግን አላነሳችም፤ ልታድናት ብላ። ኪዲ በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ብቻ መለሰች።

“አያትሽም ያውቁ ነበር?”

ሥርጉት ስልኩን ይዛ መጥታ አሳየቻት። “ምን ልበላት እናና?”

የሺአረግ ስልኩን ተቀብላ ያችን መስመር አነበበች። ድምፅ ሳታወጣ አነበበቻት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቃሉ በልቧ ውስጥ እንዲያ ጮክ ብሎ ሲሰማ ሌላ ድምፅ አላስፈለገውም።

“እኔ እመልሳለሁ” አለች። “በእጄ ጽሕፈት።”

አራት ቀን ፈጀባት። ጽፋ ቀድዳ ትጥላለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ስትጨርስ ሥርጉት ፎቶ አንስታ ላከችው፤ የኪዲ ስልክ ግን ከዚያ ወዲያ መልእክት አልተቀበለም፣ ቁጥሩም አይጠራም። ደብዳቤውን ወደተማረችበት ግቢ በፖስታ ቤት ላኩት። ከክረምቱ በኋላ “ተመርቃ ሄዳለች” የሚል ተጽፎበት ተመለሰ። አለበል የሚባል የጎርጎራ ጀልባ ነጂ ዘመዳቸው ሳይቀር ተሳፋሪ ተማሪ ባየ ቁጥር ይጠይቅላታል፤ እስካሁን የሚያውቃት አልተገኘም።

አሁን የሺአረግ እዚያው መደብ ላይ ትቀመጣለች። ያችን የፊደል ገጽ በላስቲክ ጠቅልላ ከመሪጌታ ዳዊት ውስጥ አኑራታለች። በየቀኑ ታወጣትና፣ ኪዲ እንዳዘዘቻት፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን አንድ አንድ ጊዜ ትጽፋለች፤ “ለ”ን ቀጥ አድርጋ፣ “መ”ን ሳትገለብጥ። ደብተሩ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሥርጉት ዘንድሮ ትመረቃለች፤ በክርክር ውድድር ዳግመኛ አልገባችም፤ አዲስ ለሚገቡት ግን ደንቡን የምታስፈርማቸው እሷ ናት።

እናም የሺአረግ ይህን ለሚያነብ ሰው ሁሉ አንድ ልመና አላት። እንዲህ ትላለች፦

“ልጆቼ፣ ሕግ የተማረች፣ ጽሕፈቷ እንደ ሹሩባ የጠራ፣ በአንድ የነነዌ ጾም ባሕር ዳር ፔዳ ካንዲት አሮጊት ቤት ያደረች ኪዲ የምትባል ልጅ የምታውቁ እንደሆነ፣ ጥያቄዋ መልስ አላት በሏት። መልሱ ‘አዎን’ ነው። አውቅ ነበር። ማንበብም እችል ነበር። ይቅር በዪኝ ብላ አትለምንሽም፣ የጠየቅሽውን ልትመልስልሽ ብቻ ነው በሏት። ከቻላችሁም ይህን ጽሑፍ አትስጧት፤ እናንተው ከጎኗ ቁጭ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡላት።”